ይቺን ትንሽዬ ነገር ብቻ

የስፌት መኪና ያለው ሰው ዘመድ አያጣም። መኪናዬን ከመግዛቴ በፊት ለቅሶ ቤት ካልሆነ የማንተያይ ሰዎች፣ መኪናው ቤት የገባ ሰሞን የትውልድ ሐረጋቸውን ይዘው ብቅ ብቅ አሉ። አንዷማ «የእናትሽ ክርስትና እናት ከእኔ አያት ጋር አጥር ለአጥር ነበሩ» ብላ ሁለት ሱሪና አንድ ጃኬት አስረክባኝ ሄደች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ዝምድናው እንዲህ ይራቅ እንጂ ሱሪዎቹ ከባለቤታቸው ገላ ገና መለየታቸው ነበር፤ አልታጠቡም።

መስፋት እንጀራዬ ነው። ሳሎናችን ጥግ፣ መስኮቱ ሥር፣ መርካቶ ያገለገለ የገዛሁት የእግር ሲንጀርና በኋላ የተጨመረ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መብራት ሲኖር በቻይናው፣ ሲጠፋ በሲንጀሩ። መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም፣ በሠርግ ወራት የሐበሻ ቀሚስ፣ በተረፈው ጊዜ የሳልቫጅ ኮት ማጥበብና የሱሪ እግር ማሳጠር ነው ሥራዬ። በራችን ላይ ማስታወቂያ የለም። ልለጥፍ ብል ባለቤቴ ከለከለኝ፤ «ሳይለጠፍ እንዲህ ከሆንን ሲለጠፍማ የት ልንተኛ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። አልጋችን ላይ ሁልጊዜ የሰው ኮት ተጋድሞ ይገኛል።

ሰው በነጻ ስፊልኝ ማለቱን ለምጄዋለሁ። አጠያየቁ ግን ዛሬም ያስደንቀኛል። ጠያቂዋ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች። ፌስታል ይዛለች፤ ፌስታሉ ግን ነጠላዋ ሥር ስለሆነ አይታይም። ስትቀመጥ ከሶፋው ጎን መሬት ላይ ታሳርፈውና በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። ከዚያ ሰላምታ ነው። ልጆቹ፣ ባለቤቴ፣ የእናቴ ጉልበት፣ የጎረቤታችን የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የዘይት ዋጋ፣ ሁሉም በየተራ ይጠየቃሉ። ቡና ይፈላል። አቦል ይጠጣል፤ ስለ ፌስታሉ ወፍ የለም። ቶና ይቀዳል፤ አሁንም ወፍ የለም። እኔ በዓይኔ ጥግ አየዋለሁ፤ እሷም እንዳየሁት ታውቃለች፤ ሁለታችንም ስለ ዘይት ዋጋ እናወራለን። በረካ ሲደርስ ስኒዋን መልሳ፣ መርቃ፣ ልትሄድ ተነስታ ነጠላዋን ካስተካከለች በኋላ፣ «ውይ! ረስቼው ልሄድ ነበር እኮ!» ትላለች። ፌስታሉ ይወጣል። «ይቺን ትንሽዬ ነገር ብቻ።»

እስቲ ትንሽዬዋን ነገር አብረን እንያት። የጂንስ ሱሪ ዚፕ ተበላሽቷል እንበል። በጠያቂዋ ሐሳብ አሮጌው ዚፕ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ አለቀ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን መጀመሪያ የወገቡ ጫፍ ይፈታል፤ የዚፑ አናት የተቀበረው እዚያ ውስጥ ነዋ። ቀጥሎ ፊት ለፊት ጎበጥ ብሎ የሚታየው ድርብ ስፌት ይፈታል። ከእሱ ሥር ዚፑን ከውስጥ ጨርቁ ጋር የያዘው ስፌት ይፈታል። የሚፈታው በምላጭ ነው፤ ምላጩ ክሩን አልፎ ጨርቁን ከነካ ደግሞ ሱሪውን ገዛሁት ማለት ነው። አንዱ ስፌት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን በአንድ ሜትር ላይ 400 ስፌት አለ። እያንዳንዱ ከላይ በመርፌው ክር፣ ከታች በቦቢኑ ክር የተቆላለፈ ስለሆነ ስበው ቢስቡት አይወጣም፤ እየተቆረጠ አንድ በአንድ ይለቀማል። አዲሱ ዚፕ ርዝመቱ አይገጥምም፤ ይቆረጣል፣ ጥርሱ ይነቀላል። 14 ቁጥር መርፌ የጂንስ ድርብርብ ሲያገኘው ቀጭ ስለሚል 16 ቁጥር ይገባል። ክሩ ይለወጣል። የጂንስ ክር ብርቱካናማ ነው፤ መርካቶ ሄዳችሁ ብርቱካናማ ክር ብትሉ ግን ነጋዴው «የትኛው?» ብሎ አንድ መደርደሪያ ያሳያችኋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሱሪው ሲያልቅ ምን ይመስላል? ድሮ የነበረውን ይመስላል። የሙያችን ዕዳ ይኸው ነው፤ በደንብ የተሠራ ጥገና ያልተሠራ ይመስላል። ግድግዳ የቀባ ሰው ቀለሙ ይታይለታል። እኔ እጄ ያረፈበት ቦታ ከታየማ አበላሸሁት ማለት ነው። ባለቤትየዋ መጥታ ዚፑን ሁለቴ ከፍ ዝቅ ታደርግና፣ «አየሽ፣ ላንቺ እኮ ምንም አይደለም» ትለኛለች።

ወንዶቹ በፌስታልና በቡና አይደክሙም። ሱሪውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በር ላይ ቆመው፣ «ዝም ብለሽ ቁረጪው፤ መቁረጥ ብቻ ነው» ይላሉ። ለመቁረጥ ብቻ ከሆነ ቤታቸው ቢላ ጠፍቶ ነው?

ክፍያው ምርቃት ነው። «እጅሽ ይባረክ።» «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።» «ልጆችሽ ለቁም ነገር ይብቁልሽ።» ምርቃት አልጠላም፤ የእናቶችን ምርቃት ደግሞ አሜን ብዬ ተንበርክኬ ነው የምቀበለው። ነገር ግን ይህን ያህል የተባረከ እጅ ስፒል ሲወጋው ለምን እንደሚደማ እስካሁን አልገባኝም። የመብራት ካርድም በምርቃት አይሞላም፤ ሞክሬ ሳይሆን የሻጯን ፊት አይቼ ነው።

አንዳንዷ ግን፣ ሐቁን ለመናገር፣ ትጠይቃለች። «ስንት ልክፈልሽ?» ይህን ስትል እጇ ቦርሳዋ ላይ ነው፤ ቦርሳው ግን አይከፈትም። ዚፑ ተበላሽቶ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የቀየርኩላት እኔ ነኝ። በአገራችን ደንብ የዚህ ጥያቄ መልስ ተጽፎ ያለቀ ነው፦ «ኧረ ተይ፣ ምን ነክቶሽ ነው!» እኔም እንዲያ እላለሁ። እሷም «እንዴ፣ እንዲህማ አይሆንም» እያለች ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ታደርጋለች። ሁለታችንም ይሉኝታችንን አሳምረን እንለያያለን፤ ክሩና መብራቱ ብቻ ከእኔ ጋር ይቀራሉ።

ሲንጀር ራሱ በነጻ አልሰጠም። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር መኪናውን በ1851 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስሙ ሲያስመዘግብ ዋጋው ለተራ ቤተሰብ የማይቀመስ ነበር። ኩባንያው «ዘመድ ናችሁ፣ ውሰዱት» አላለም። ትንሽ ቅድሚያ አስከፍሎ ቀሪውን በየወሩ የመቀበል ዘዴ አመጣና የድሃ ቤት ሁሉ የስፌት መኪና እንዲገባ አደረገ። ይህን ታሪክ ለአክስቴ ልጆች አጫወትኳቸውና፣ ክፍያ ከከበዳችሁ እኛም እንዲሁ በየወሩ እናድርገው አልኳቸው። ከተናገርኩት ውስጥ «በየወሩ» የምትለዋን ብቻ ይዘው፣ ይኸው በየወሩ ይመጣሉ።

ውጭ አገር ያሉት ደግሞ በቴሌግራም ነው የሚመጡት። አንዲት የሩቅ ዘመዴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ረዘም ያለ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስለ ናፍቆት ነው። ናፍቆቱ አልቆ መጨረሻው ላይ ለሠርጓ የራሷንና የሚዜዎቿን የሐበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ወርጄ፣ ጥበቡን መርጬ፣ ሰፍቼ፣ ለሚመጣ ሰው እንድሰጥላት ትጠይቀኛለች። ልኬት ላኪ አልኳት። «ወገቤ 34» አለችኝ። ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወገብ ሳይሆን ክንድ ነው፤ ኢንች መሆኑ ነው፤ ወደ 86 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ደረቷንስ? «ያኔ ስንለያይ እንደነበርኩት ነኝ፤ ትንሽ ብቻ ጨምሬ ይሆናል።» ስንለያይ ሁለታችንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ፎቶ ላኪ ስላት መኪናዋ በር ጀርባ ቆማ ከአንገት በላይ የተነሳችውን ላከች። ከዚህ ሁሉ እኔን ያስገረመኝ ግን አንድ ንግግሯ ነው፤ «እዚህ እኮ ሱሪ ለማሳጠር የሚያስከፍሉትን ብነግርሽ አታምኚኝም» አለችኝ። አምናታለሁ እንጂ። እዚያ ለማታውቀው ሰው ደረሰኝ ተቀብላ፣ አመስግና ትከፍላለች። የእጅ ዋጋ የሚጠፋት የአገሯን ሰው ስታገኝ ነው። ቀሚሶቹ ሄዱ፤ በምላሹ አንድ ቅባትና የሚቀልጥ ቸኮሌት መጣልኝ። ቸኮሌቱን ልጆቹ በሉት። ቅባቱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም።

በዓል ሲደርስ ያለውን ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብሎ የተረተ ሰው ልብስ ሰፊ እንዳልነበረ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፤ በመካከሉ ያሉት ቀናት አሥራ ሁለት እንኳ በወጉ አይሞሉም። ሰው የገናን ዶሮ በልቶ ሲያበቃ ነው ቀሚስ እንደሌለው ትዝ የሚለው። ባለፈው ከተራ ዕለት፣ ጠዋት፣ አንዲት ጎረቤቴ ያልተቆረጠ የመነን ጨርቅ ታቅፋ መጥታ «ታቦቱ ሳይወጣ ይደርስልኛል?» አለችኝ። ታቦቱ በዚያው ቀን ከሰዓት ነው የሚወጣው። እኔ ቀድሜ ዋጋ የተቀበልኩበትን የሰው ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነበር። በጎረቤቴ ዓይን ግን ከፍሎ የሚያሰፋው ባዳ ነው፤ ባዳ ደግሞ ይጠብቃል።

ገጠር ያደጉ ሰዎች ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው ፈትተውታል። አባቴ ሲያወራ እንደሰማሁት፣ ደቦ የሚጠራ ገበሬ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ ነው የሚጠራው። ጠላው ከቀጠነ በዓመቱ የሚመጣለት ሰው ይቀንሳል። ወንፈል ከሆነ ደግሞ ቀን በቀን ይቆጠራል፤ አንተ የእኔን ማሳ አንድ ቀን ካረምክ፣ እኔም የአንተን አንድ ቀን አርማለሁ፤ ባልችል ልጄን እልካለሁ። መቁጠሩ ማንንም አያስቀይምም፤ «ዘመድ አይደለን ወይ?» ብሎ የሚሟገትም የለም። ከተማ ስንገባ ደቦውን ይዘን መጣን፤ ጠላውን እዚያው ረስተነው።

ባለቤቴ ሒሳብ ሠራተኛ ነውና አንድ ማታ ደብተር አውጥቶ መሐሉን በማስመሪያ ለሁለት ከፈለው። በግራ እኔ ለማን ምን እንደሰፋሁ፣ በቀኝ እነሱ ለእኛ ምን እንዳደረጉ ይጻፋል ተባለ። ዕቅዱ ግልጽ ነበር፤ ቀኙ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ከዚያ በኋላ እኔ ያለ ይሉኝታ አስከፍላለሁ። በአክስቴ ጀመርን፤ ፌስታል በማብዛት የሚስተካከላቸው ስለሌለ። ግራው ሞላ፦ ኮት ከነገበሩ ማጥበብ፣ መጋረጃ፣ የልጅ ልጆቻቸው ዩኒፎርም፣ የማኅበር ቀሚስ። ቀጥሎ ባለቤቴ ብዕሩን ወደ ቀኙ ሲያዞር ሁለታችንም ዝም አልን። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደች ጊዜ አክስቴ ቤታቸውን ዘግተው መጥተው ገንፎውን ያገነፉ፣ ጨርቁን ያጠቡ፣ ሌሊት ሕፃኗን ያባበሉ፣ በ80ኛው ቀን ክርስትና ካስነሱ በኋላ ነው የተመለሱት። አባቴ ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ እንጀራ ሲያቀርቡ፣ ሲያነሱ፣ ለእንግዳ ፍራሽ ሲያነጥፉ የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። ይህ በሰዓት ስንት ነው? ባለቤቴ ብዕሩን ነከሰ፤ «አክስትሽ ይቀራቸዋል» አለ። እኛ ከፋይ ሆነን ተገኘን።

በማግስቱ የአጥር ለአጥሯን ሴትዮ ስም ጻፍን። ቀኙ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሌሎችም ነጭ ሆነው የቀሩ ነበሩ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ በአባቴ ለቅሶ ያልመጡ ሆነው ተገኙ። ደብተሩ ያሳየኝ ይህን ነው፤ በነጻ የሚያሰፉኝ ሁሉ አንድ አይደሉም። ከአክስቴ ጋር ያለነው በወንፈል ነው፤ ቀኑ ሳይቆጠር ቆይቶ እንጂ ተራው ደርሷል። ፌስታሉ ሲሞላ ብቻ የምትታየኝ ሴት ግን ደንበኛ ናት። ደንበኛ ይከፍላል።

እንግዲህ መናገሩ ነው ጣጣው። ዓይኔን በጨው አጥቤ መጀመሪያ ያደረግሁት የዋጋውን ወሬ ከአቦል በፊት ማምጣት ነው። እንግዳዋ ገና ስትቀመጥ፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ሥራ ይዘሽ ከሆነ አሳይኝና ዋጋውን ልንገርሽ፤ ከዚያ ተረጋግተን እንጫወታለን» እላለሁ። ትደነግጣለች። አንዳንዷ «ኧረ የምን ሥራ! ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» ትልና ፌስታሏን ይዛ ትመለሳለች። እንዲህ ካለችው ጋር ቡናው ራሱ ይጣፍጣል።

በጣም የሠራልኝ ግን ምላጩ ነው። የልብ ጓደኛዬ የሦስት ቀሚስ ጠርዝ ይዛ መጣች፤ ረዝሞባታል፣ ፈትቼ ላሳጥርላት ነው። ዋጋ ብላት ልትቀየም ነው፤ ዝም ብል እኔ ልቀየም ነው። ስለዚህ ምላጭ ሰጠኋትና፣ «አንቺ ፍቺልኝ፣ እኔ እሰፋለሁ» አልኳት። ደስ አላት። አቦል ሲቀዳ ገና የመጀመሪያው ቀሚስ ላይ ናት። አንገቷን አቀርቅራ፣ ክሩን በጥፍሯ እየለቀመች፣ የጀመረችውን ወሬ ሁሉ በየመሐሉ ትረሳዋለች። በቶና መነጽሯን ጠየቀች። በረካ ቀዘቀዘባት። «እንዴ፣ ይሄ አያልቅም እንዴ?» አለችኝ ጀርባዋን እየያዘች። ሁለተኛውን ቀሚስ ሳትጨርስ ምላጩን አስቀምጣ ቦርሳዋን ከፈተች፤ እኔ ስንት እንደሆነ አልተናገርኩም፤ የሰጠችኝ እኔ ከምጠይቃት በላይ ነበር። ዛሬ ሌላ ሰው ሲመጣብኝ ከእኔ ቀድማ የምትሟገትልኝ እሷ ናት።

ከሁሉ የተስማማሁት ከሹሩባ ሠሪዋ ጎረቤቴ ጋር ነው። እሷም የእኔው ሕመም አለባት። «ከፊት ከፊቱን ብቻ ያዝ ያዝ አድርጊልኝ» ብለው የሚመጡ ዘመዶች አሏት፤ ከፊቱ ሲያልቅ ከኋላው ለብቻው ይቀራል ወይ? ስለዚህ ተነጋገርን። እሷ የሁለት ሴት ልጆቼን ጠጉር ትሠራለች፣ እኔ የእሷን ቤት ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ራስ ሹሩባ፣ አንድ ዩኒፎርም። ጥርት ያለ ወንፈል ነው፤ የጎደለ ካለም በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሞላል።

ዋጋ የማልጠራበትም አለ። ሰው ሞቶበት ጥቁር ልብስ የሚያሰፋ ሰው ቤቴ ሲመጣ ሜትሩን ከማንሳቴ በፊት ስለ ገንዘብ ማሰብ አልችልበትም፤ ሌሊቱን ሰፍቼ ለጠዋቱ አደርሳለሁ። ከግቢያችን ጫፍ ያሉት እማማ የነጠላቸው ጠርዝ በተተረተረ ቁጥር ይልኩልኛል፤ እሳቸው በፌስታል አይደብቁትም፣ በልጅ እጅ ነው የሚልኩት፣ አንድ ጭልፋ ሽሮም አብሮ ይመጣል። አባት የሌለው ተማሪ ዩኒፎርምም ደብተር ውስጥ አይገባም።

ለቀራችሁት ግን እንነጋገር። ልብሱን አጥባችሁ አምጡ። ዚፑንና ክሩን ገዝታችሁ ኑ፤ ቀለሙ እንዳይሳሳትባችሁ ሱሪውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩት። ውጭ ያላችሁ ልኬታችሁን ዛሬ ተለኩ፤ በሴንቲ ሜትር። ለጥምቀት የምታስቡ ጨርቁን ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት አድርሱልኝ፤ ከገና በኋላ የለቅሶ ልብስ ካልሆነ በቀር አልቀበልም።